መስታወቱ ውስጥ የቀበርኩት በጠጥ

ያን ዘመን አሶሳ መስታወት በመስታወት ሆና ነበር። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ በየቦታው የቢሮ ሕንጻ ይሠራል፤ ቢሮ ሲሠራ ደግሞ መስኮት አይቀርም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ ቆይቶ ከጫነው መስታወት ግማሹን ሰባብሮት ይደርሳል። ግቢዬ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የኮሌጅ መምህር ነበር፤ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ አገሩ ጎጃም ነው። ይሄ መምህር ከስብርባሪው ደኅና ደኅናውን መርጦ፣ አስቆርጦ፣ በማጣበቂያ ገጣጥሞ፣ አንድ ቀን ሣጥን የመሰለ ነገር ታቅፎ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ መምህር?» አልኩት።

«የዓሣ ቤት ነው እትዬ።»

«ዓሣ ደግሞ ቤት ይፈልጋል?»

«ወንዙ ውስጥ ቢሆን አይፈልግም ነበር። እዚህ ግን ተከራይ ነው፣ እንደኔው።»

የሱ ክፍል ጨለማ ስለሆነ፣ ዕፅዋቱ ብርሃን ይፈልጋሉ ብሎ እኔ ቤት መስኮቱ ሥር እንዲቀመጥ ለመነኝ። እሺ አልኩ። ታችኛው ላይ የወንዝ አሸዋ አነጠፈ። ከረግረግ ነቅሎ ያመጣቸውን የውሃ ሣሮች ተከለበት። ከጉድጓዳችን ውሃ ቀድተን ሞላነው። ሁለት ሳምንት ያለ ዓሣ ካቆየው በኋላ፣ በባምባሲ መንገድ ካለ ጅረት በመረብ የያዛቸውን አሥራ አንድ ትናንሽ ዓሦች ለቀቀበት። ጣት የማያህሉ፣ ጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር ያላቸው ናቸው። መብራት ያኔ በጄኔሬተር ነው፤ ማታ መጥቶ ወዲያው ይሄዳል። ስለዚህ አየር የሚነፋ ሞተር የለም። የዓሦቹ ትንፋሽ ሣሩ ነው አለኝ መምህሩ።

እኔ ስለ ዓሣ ምንም አይገደኝም ነበር። የገደደኝ በልጄ ምክንያት ነው።

ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ሴቷ ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ ወንዱ እዚሁ ተወለደ። መንግሥት ሲለወጥ አባታቸው አገር ቤት እንመለስ አለ፤ እኔ እንቢ አልኩ፤ እሱ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። እኔ ልጆቼን ይዤ ከሰፈራው መንደር ወደ ከተማ ገባሁ፤ ለግንበኞች ምግብ እያበሰልኩ፣ ሁለት ክፍል እያከራየሁ፣ ጥቂት ፍየሎች እያረባሁ አሳደግኳቸው። ከዚያ ወባው መጣ። በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ጣላቸው። ወንዱ ልጅ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣበትና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ልጅቱ ተረፈች። ግን ከአልጋ ስትነሣ አፏ ተዘጋ። ዲዳ አልሆነችም፤ «እ» ትላለች፣ «አይ» ትላለች። ከዚያ ያለፈ የለም። ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርቱን ተወችው። እኔም ሂጂ አላልኳትም። እውነቱን ለመናገር፣ ከደጅ ባትወጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዓይኔ ሥር ከሆነች የማትሞት ይመስለኝ ነበር።

ዓሦቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ስታያቸው ቆየችና መምህሩን፣

«ምን ይበላሉ?» አለችው።

ድስት ላይ ነበርኩ፤ ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። አምስት ወር ሙሉ አንድ ጥያቄ ከአፏ አልወጣም ነበር። መምህሩም ነገሩን ያውቀዋልና ሳይደነግጥ፣ ሁልጊዜ እንደምታወራው አድርጎ መለሰላት።

«የደረቀ ትንኝ፣ የተፈጨ ነገር። ግን በቀን አንዴ ብቻ፣ በሁለት ጣት የሚያዝ። ሳያልቅ ከቀረ ይበሰብስና ውሃውን ይመርዛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የሷ ሆነ። ጠዋት ትቆጥራቸዋለች፤ ትመግባቸዋለች፤ የሞተ ቅጠል ትለቅማለች። መምህሩ ከኮሌጁ ላቦራቶሪ የመመርመሪያ ጠብታና ቀጭን የመስታወት ቱቦ አምጥቶ ውሃ መመርመር አሳያት። ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚመጣ ናይትሬት የሚሉት ነገር አለ። በዓይን አይታይም፣ አይሸትም። ጥቂቱን ሣሩ ይበላዋል፤ ሲበዛ ግን ዓሣውን ያደክመዋል። ጠብታው ሲገባ ውሃው ቢጫ ሆኖ ከቀረ ደኅና ነው፤ ወደ ብርቱካን ከሄደ መጠንቀቅ ነው፤ ቀይ ከሆነ ችግር አለ። እሷ ቀለሙን በደብተር ትጽፋለች። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ።

እኔን ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እነዚህ ዓሦች ቢሞቱስ? ልጄ በአሥራ አንድ ዓሣ ተንጠልጥላ ነው ወደ ሰው የተመለሰችው። እነሱ ከሞቱ ተመልሳ ትገባለች፤ ሁለተኛ አትወጣልኝም። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

መምህሩ እጩ መምህራን ሊቆጣጠር ለሦስት ሳምንት ወደ ወረዳ ወጣ። በዚያው ሰሞን የውሃው ሣር ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ሣሩ ትንፋሻቸው ነው ተብያለሁ። ትንፋሻቸው እየጠወለገ ነው ማለት ነው። ልጅቱ «አዲስ ቦታ ሲተከል የድሮ ቅጠሉን ይጥላል ብሏል መምህር» አለችኝ። አላመንኩም። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። የጓሮ ጎመን ሲጠወልግ ምን እንደሚደረግለት ከመምህር አልማርም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እሷ ስትተኛ፣ ከፍየሎቹ በረት የደረቀ በጠጥ ለቀምኩ። እንዳይበተን ብዬ ከአሮጌ ነጠላዬ ጥለት በቀደድኩት ጨርቅ ቋጠርኩት። እጄን እስከ ክርኔ ውሃው ውስጥ ሰድጄ ሣሩ ሥር አሸዋው ውስጥ ቀበርኩት። አራት ቋጠሮ። አሸዋውን መልሼ አስተካከልኩ፤ ማንም አይለየውም። ደግሞ በሁለት ጣት የሚያዝ ምግብ ለአሥራ አንድ ነፍስ ምን ይሆናል ብዬ፣ በየቀኑ እሷ ሳታየኝ ፍርፋሪ ዳቦ እጨምር ጀመር። ሲሻሙ ሳይ አንጀቴ ይርሳል። የበላ አይሞትም ነበር የኔ እውቀት።

ሣሩስ እውነትም ለመለመ። ኮራሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግን መስታወቱ በአረንጓዴ ንፍጥ ተሸፈነ። አንድ ጠዋት ብነሣ ዓሦቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው በላይ እያደረጉ ያለከልካሉ። አንዱ ተገልብጦ ይንሳፈፋል። በእጄ ዘግኜ አወጣሁትና ሙዝ ሥር ቀበርኩት።

ስትነሣ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«እማዬ፣ አሥር ናቸው።»

«ድመት ትሆናለች» አልኳት።

ደብተሯ ላይ አሥር ብላ ጻፈች። በማግሥቱ ሁለተኛው ሞተ። እሱን ራሷ አገኘችው። ጠብታውን አደረገችበት፤ ቀይ። እንደ በርበሬ ቀይ። ደብተሩን ዘጋችውና አልጋዋ ላይ ወጥታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኔ መሐል ቤት ቆሜ ቀረሁ። ጥፋቱን የሷ አድርጋ መውሰዷ ገብቶኛል። እንዲያም ሆኖ ለመናገር ፈራሁ፤ እኔ ነኝ ብላት ትጠላኛለች ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ መምህሩ ተመለሰ። መስታወቱን አየና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ቁጭ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ። አንቺ ስለተኛሽ የሚድን ዓሣ የለም። ምን ያህል ትመግቢያቸው ነበር?»

«በሁለት ጣት» አለች ከአልጋዋ።

«እንግዲያው ከየት መጣ ይሄ ሁሉ? ለማንኛውም ምግብ ለሁለት ቀን ይቁም። ውሃውን ሦስት እጅ አድርገሽ አንዱን እጅ ብቻ ቀይሪ። ሁሉንም በአንዴ ከቀየርሽው በድንጋጤ ያልቃሉ።»

ቀየርን። በውሃ ጎማ ከአሸዋው ላይ ቆሻሻውን ስባ አወጣች፤ እኔ ከጉድጓድ ቀዳሁ። በሁለተኛው ቀን ደግመን ቀየርን። ቀይ። ደግመን ቀየርን። አሁንም ቀይ። ሦስተኛው ዓሣ ሞተ።

በአራተኛው ቀን ጎማውን ሣሩ ሥር አስገብታ ስትስብ አንድ ነገር ያዘው። በጣቷ ቆፈረች። የነጠላዬ ጥለት ብቅ አለ፤ ቀይና አረንጓዴ። ጎተተችው። ቋጠሮው ተፈታና ጥቁር ደመና ውሃው ውስጥ ተበተነ።

ጨርቁን አየችው። እኔን አየችኝ።

«እማዬ! ምንድን ነው ይሄ?»

«በጠጥ ነው» አልኩ። «ሣሩ ጠውልጎ... እንዳይሞቱብሽ ብዬ ነው የኔ እናት። ዳቦም ስጨምርላቸው ነበር።»

«ዳቦም?!»

ጮኸችብኝ። ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ሰደበችኝ። «ማን ንኪ አለሽ! ሁልጊዜ ታበዢዋለሽ! ሁሉን ነገር ታበዢዋለሽ! እኔ ነኝ የገደልኳቸው ብዬ እኮ... አንቺ ምን አገባሽ!» እግሯን መሬት ላይ ትመታለች፤ እጇ ውስጥ ያለው ጨርቅ ወለሉን በሙሉ ያረጥበዋል። በሌላ ጊዜ እንዲህ ብትናገረኝ ጥፊ ነበር። ያን ዕለት ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩና ሰማኋት። ከወባው ወዲህ ልጄ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። አንዱን ስትጨርስ ሌላ ትጀምራለች። እንባዬ መጣ፤ ከሐዘን ያልሆነ እንባ። እሷ ግን ያስከፋችኝ መስሏት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስንት ቀበርሽ?»

«አራት።»

«በይ ሦስቱን አውጪ።»

እጅጌዬን ሰብስቤ አወጣሁ።

ከዚያስ ይሻለዋል ያልነው ውሃ አሁንም ወደ ቀይ ያደላል። ምግብ ቆሟል፣ በጠጡ ወጥቷል፣ ውሃው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። መምህሩም ግራ ገባው። ሐሳቡ የመጣላት ለልጅቱ ነው። ምንም ሳትናገር ቱቦውን ይዛ ወጣች፤ ከጉድጓዱ ባልዲ ቀዳች፤ ጠብታውን አደረገች። ያመጣችልን ቱቦ ቀይ ነው። መጀመሪያ የሞላነውን ውሃ ዓሦቹ ሳይገቡ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ሣሩ አጣርቶት ኖሯል።

መምህሩ ከጉድጓዱ እስከ ፍየሎቹ በረት፣ ከበረቱ እስከ መጸዳጃው በዓይኑ ለካ። ሁለቱም ከጉድጓዱ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ናቸው።

«እትዬ፣ ወጥ ጨው ሲበዛበት ምን ታደርጊያለሽ?»

«ውሃ እጨምርበታለሁ።»

«የምትጨምሪው ውሃ ራሱ ጨው ቢሆንስ?»

ገባኝ። ዓሦቹን ረስቼ ልጄን አየኋት።

«መምህር፣ እኛም እኮ ይህንኑ ነው የምንጠጣው። ግን አፍልቼ ነው፤ ሁልጊዜ አፍልቼ ነው።»

«ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ይሄን ግን አያወጣውም። ለትልቅ ሰው ብዙም አያሰጋ፤ ለጨቅላ ግን መጥፎ ነው። ለሕፃን ወተት በዚህ ውሃ አይበጥበጥ።»

ከጉድጓዳችን የምትቀዳ የበርታ ጎረቤት አለችኝ፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አማርኛን ገበያ ላይ የተማረች ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። የሁለት ወር የልጅ ልጅ ቤቷ አለ። ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። አጥሩን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ወላሂ፣ ይሄን ዓሣው ነው የተናገረ?»

«አዎ፣ በዓሣው ነው የታወቀው።»

«ያ ሰላም! እኛ ዓሣ እንበላለን፣ አንተ ዓሣ ታስተምራለህ። በል፣ ውሃ ከምንጭ እናመጣለን። ልጁም ይምጣ፣ ያንተ ልጅ። ጀሪካን ይያዝ።»

«ልጄ አትወጣም። ምንጩ ጋ ትንኝ አለ።»

ቆማ አየችኝ። ቀልዱ ከፊቷ ጠፋ።

«ወባው ምንጭ ሄደህ ነው የነከሰህ? ቤት ነው የነከሰ። አልጋ ላይ ነው የነከሰ። አንተ በር ዘግተህ ትንኙ ከውስጥ ነው።»

ማንም እንዲህ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም። ልጄን ጠራኋትና ጀሪካኑን ሰጠኋት። ከአጥሩ እስኪወጡ በዓይኔ ሸኘኋቸው። የፍየሎቹን በረት ላፈርስ ሄድኩ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ይታገሣል። እስኪመለሱ ድረስ በረቱን ነቅዬ ከጉድጓዱ በታች፣ ግቢው ጥግ ተከልኩት። ስትመለስ ፊቷ ላብ ብቻ ነው፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ አማርኛዋን እየሰባበረች ስታስቃት እንደመጣች ከልጄ ፈገግታ ያስታውቃል።

ጎደሬ የሚሉትን ተክል ያመጣችልንም ይህችው ጎረቤቴ ነች። መስታወቱን ጎንበስ ብላ አየች፤ «ትንሽ ሣር ነው፣ አይበቃም» አለች። በርታዎች ልብስ የሚታጠብበት፣ ዕቃ የሚለቀለቅበት ውሃ የሚፈስበት ቦታ ላይ ጎደሬ ይተክላሉ። የሷ ጎደሬ ቅጠሉ ለጃንጥላ ይሆናል። «ቆሻሻ ውሃ ለጎደሬ ሥጋ ነው» ብላ ሦስት ችግኝ ሥሩን አጥባ አመጣች። መምህሩ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና አሰበ።

«እኔ አምስት ዓመት የተማርኩትን እማማ ከቦይ ዳር ያውቁታል» አለ። «ሥሩ ብቻ ውሃው ውስጥ ይግባ፤ ግንዱና ቅጠሉ ውጭ ይሁን።»

በሸምበቆ ደግፈን አሰርነው። በሳምንቱ ነጫጭ ሥሮቹ እንደ ጢም ተንጠለጠሉ፤ ዓሦቹም መሐሉ ገብተው ይደበቃሉ። ግንቦት ገባ፤ ዝናቡ ጀመረ። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ያጥባል ብለን ለቀቅነው። ከዚያ በርሜል ደቀንን። ልጅቱ የዝናቡን ውሃ መረመረች፤ ቢጫ። ግማሽ የዝናብ፣ ግማሽ የምንጭ አድርጋ፣ በየአራት ቀኑ አንድ እጅ ትቀይራለች። የጎደሬውን ቅጠል ሲያረጅ ትቆርጣለች፤ ቅጠሉ የጠጣውን ናይትሬት ይዞ ይወጣል ማለት ነው አለችኝ። እኔም ቅጠሉን ጥዬ እጄን እየታጠብኩ «እሺ መምህሬ» እላታለሁ። እጄን አጣምሬ መቀመጥ ቀላል አልነበረም። ሲርባቸው የሚያዩኝ ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ ዳቦ ቆርሼ ቀርቤ ራሴ በልቼዋለሁ።

ደብተሯ ላይ ቀዩ ወደ ብርቱካን ወረደ። ብርቱካኑ ከሦስት ሳምንት በላይ አልነቃነቅ አለ፤ ተስፋ ቆረጥን። በሰኔ መጨረሻ አንድ ጠዋት ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችና ሳትናገር ሰጠችኝ። እኔ ቀለሙን ለመለየት ዓይኔን ጠበብ አደረግኩ።

«ቢጫ ነው ወይስ እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው?»

«ቢጫ ነው እማዬ። ትንሽ ይቀረዋል፤ ግን ቢጫ ነው።»

ስምንቱ ዓሦች ተርፈዋል። አንደኛዋ ሆዷ አብጦ ነበርና ታመመች ብዬ ስደነግጥ፣ እንቁላል ነው አለ መምህሩ።

ከዚያ በኋላ ልጄን ቤት ማስቀመጥ አልተቻለም። የሰፈሩን ጉድጓድ በሙሉ ልመርምር አለች። ጠርሙስ ይዛ በየአጥሩ ቆማ «ውሃ ስጡኝ» ትላለች። ሰዎቹ ይጠይቋታል፤ እሷ ታስረዳለች። አፏ አልተፈታም የምላት ልጅ፣ በርታውን በበርታ ሰላምታ፣ ኦሮሞውን በኦሮሞ፣ የኛን ሰው በወሎኛ እያነጋገረች ትዞራለች። አንዳንዱ ያባርራታል፤ «ጉድጓዴን ልታሳጪኝ ነው?» የሚላትም አለ። ተመልሳ ስትመጣ ትናደዳለች፤ ስትናደድ ታወራለች። ዘጠኝ ጉድጓድ መረመረች። ሁለቱ ቀይ ወጡ፤ አንዱ የኛ ነው። የባሰው የኛ ነው ብላ ስትነግረኝ እንደ ሽልማት ነበር የነገረችኝ። ለመጠጥ ከምንጭ መቅዳት ቀጠልን፤ ጉድጓዱ ለልብስና ለፍየል ሆነ። መምህሩ ከግቢው በላይ በኩል ሌላ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ አሳየኝ። የጎረቤቴ የልጅ ልጅም ያለ ችግር አደገ።

ጳጉሜ ላይ፣ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ከኋላዬ መጣችና፣

«ሰኞ ምዝገባ ነው» አለች።

ማጠቢያው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ነበርኩ። ዞሬ ብጮህ፣ ባቅፋት፣ ባለቅስ ታፍራለች። «ከሄድሽ ቀሚስሽን ዛሬ እጠቢው» አልኳት። ሰኞ ብቻዋን ሄደች። ልከተላት ጫማዬን አጥልቄ ነበር፤ አወለቅኩት። ድስት ጣድኩ፤ ድስቱ ተቃጠለ።

እኩለ ቀን ላይ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ውሃ ጠጣችና፣

«ወንድም እኅት አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ» አለች።

እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ አስቀመጥኩ።

«ምን አልሽ?»

«ወንድም ነበረኝ አልኳቸው። ስሙን ጻፉት።»

ከቀበርነው ጀምሮ ስለሱ በመሐላችን አንድ ቃል አልተነሣም ነበር። ስሙ ቤታችን ውስጥ ከተጠራ ግድግዳው የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። አጠገቤ መጥታ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ሲወለድ ምን ይመስል ነበር?»

ነገርኳት። ሰፈራው መንደር ውስጥ፣ በሣር ጎጆ፣ በነሐሴ ዝናብ እንደተወለደ፤ ጣሪያው በአራት ቦታ ያፈስ እንደነበር፤ እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ሆና፣ ሁሉ ሰው ውጪ ሲላት እንቢ ብላ፣ ሕፃኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ድስት ይዛ ጣሪያውን እያየች እንደቆመች።

«ድስቱ ከኔ አይበልጥም ነበር?»

«ይበልጥ ነበር። ይዘሽው ወደቅሽ፤ ውሃው ሁሉ እኔ ላይ ፈሰሰ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። «ሌላስ?» አለች። ሌላም ነገርኳት።